ከፈርሂያ ጋር በነገሌ ማቆያ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8

አዲሷ ሴት ዛሬም ምንም አልቀመሰችም። ባሌ ቦሩ ከአሬሮ በአይሱዙ የላከልኝን የፋሲካ ሥጋ እንደማትበላ ስለማውቅ ከበር ላይ ወተት ገዝቼ አፈላሁላት። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ወተቱ ቀዝቅዞ ቆዳ ሠራ።

ቅዳሜ ነው አምቡላንስ ያመጣት። በዶሎ በኩል ካለ የስደተኞች ካምፕ ነው የመጣችው። ሶማሌ ናት፣ ስሟ ፈርሂያ። ከዚህ በላይ ማንም የሚያውቅላት ነገር የለም። ይቺ ማቆያ መውለጃችን የደረሰ፣ ቤታችን ሩቅ የሆነ ሴቶች ከሆስፒታሉ ጀርባ የምንሰነብትባት ክፍል ናት። ሁለት አልጋ፣ አንድ ማንደጃ፣ አንድ መስኮት። እኔ ልጄን ዳንኤልን በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ሐኪሙ ምጥ አሬሮ እንዳይጀምርሽ ብሎ ነው እዚህ ያስቀመጠኝ።

ሲስተር ጫልቱ በኦሮምኛ ሞከረቻት፣ በአማርኛ ሞከረቻት። ሴትየዋ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ሲስተር ስትወጣ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ፣ "ኢስካ ወራን" አልኳት። እንዴት ነሽ ማለት ነው። እኔ ራሴ ከኖርኩበት ካምፕ ከወጣሁ ወዲህ ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ስትጨርስ የወተቱን ቆዳ በጣቷ ገፋ አድርጋ ጠጣችው። የዛሬ ድሌ ይኼ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ሶማሊኛዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው። እየተንቋቋም ቢሆን ይከፈታል። የረሳሁትን ቃል በእጄ አሳያታለሁ፣ እሷ ትሞላልኛለች። ዛሬ አንዴ ሳቀችብኝ። "ራስ ምታት አለብሽ ወይ" ልል "ራስሽ ይሸጣል ወይ" ብያታለሁ መሰለኝ።

ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው። ድርቁ ከብቶቻቸውን ሲጨርስና ጦርነቱ መንደራቸው ሲደርስ በእግር ድንበር ተሻገሩ። ከመሻገራቸው በፊት አንድ ልጅ መንገድ ላይ ቀብራለች። ካምፕ ውስጥ ሱምያ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ አለቻት። ጎረቤት ዘንድ ትታት ነው የመጣችው። ባሏ እናቴን ልይ ብሎ ወደ ሶማሊያ ተመልሶ ሄደ፣ ወሬው የለም። ይሄን ሁሉ ጣሪያውን እያየች ነገረችኝ።

እኔን ጠየቀችኝ፤ ቋንቋችንን የት ተማርሽው? ካምፕ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ሐበሻ ስደተኛ ሆኖ አይታ አታውቅማ።

እዚሁ ነገሌ፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ነው ያደግኩት። አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። ደርግ ሲወድቅ አባቴ ሰሜን ግንባር ነው፤ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። የወታደር ቤተሰብ ሁሉ በደረሰው መኪና ላይ እየተንጠለጠለ ወደ ሞያሌ ሸሸ። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ እናቴ የመጨረሻ ወሯ። ያቺን እርጉዝ ሴት ጭነት መኪና ላይ ከኋላ ገፍቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ኬንያ ከገባን በኋላ በሸራ ድንኳን ውስጥ ወለደች። ሰላም ብላ ስም አወጣችላት። ሰላም ዛሬ ሻሸመኔ ሱቅ አላት፣ በየቀኑ ደውላ ወለድሽ ወይ ትለኛለች።

ለፈርሂያ እዚህ ድረስ ብቻ ነገርኳት። የቀረውን አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10

ጠዋት ሐኪሙ ፈርሂያን በአልትራሳውንድ አያት። እንዳስረዳት እኔን ጠሩኝ። እንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማህፀኑን አፍ ዘግቶታል። ካምፕ እያለች የደማችውም በዚህ ምክንያት ነው። በምጥ ልውለድ ብትል ደሟ አይቆምም፣ መውለድ ያለባት በኦፕራሲዮን ነው። በዚያ ላይ ደሟ አነስተኛ ነው። እስከዚያው ክኒኗን ትዋጥ፣ ከዚህ ግቢ አትውጣ።

እኔ አስረዳኋት። ፈርሂያ ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

ከሰዓት በኋላ እግሬ ሲያብጥብኝ ትንሽ ልራመድ ብዬ እስከ ጦር ሰፈሩ አጥር ሄድኩ። መሬቱ ያው ቀይ ነው፣ ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታም ያው። በረድፍ የተሠሩት የላይን ቤቶቻችን በነበሩበት ሌላ ሕንፃ ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ፊልም ያሳዩን ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ከፊት መሬት ላይ፣ ወንዶቹ አጥር ላይ። በበጋ የቦረና ሴቶች ወተት ጮጮ በሚባለው ዕቃቸው አዝለው በር ላይ ይደረድሩና እናቴ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፤ በየትኛው እንጨት እንደታጠነ በሽታው ታውቅ ነበር። ጎጃሜ፣ ወላይታ፣ ትግሬ፣ ኦሮሞ፣ ሁሉም ሰው አንድ ቧንቧ ላይ ነው የሚቀዳው። ጎረቤታችን የሐረሯ ሴት፣ እኛን ልጆቹን ሁሉ በአንድ ሳፋ ታጥበን ነበር፣ የማንም ይሁን የማን።

ይሄ ይናፍቀኛል ብል ማንም አይገረምም። የሚገርመው ሌላው ነው። ካምፑም ይናፍቀኛል። ይህንን ለቦሩ እንኳን ነግሬው አላውቅም።

ያ አቧራ፣ ያ ሙቀት፣ ውኃ ለመቅዳት ጄሪካናችንን አሰልፈን እኛ ጥላ የምንፈልግበት። በወር አበባችን ጊዜ የዱቄት ጆንያ ቀደን፣ አጥበን፣ ከሰው ዓይን ደብቀን ሸራው ውስጥ የምናሰጣው። እንጨት ለቀማ ብቻችንን ስለምንፈራ በቡድን ነበር የምንሄደው፤ አንዷ ካመማት ሌሎቹ አይሄዱም። ክፉ ጊዜ ነበር። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። አሬሮ ጥሩ ቤት አለኝ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በር የሚቆለፍ። ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቼ ስቀመጥ፣ ከጎኔ ያለው ድንኳን ውስጥ የምትስቅ ሴት ድምፅ ይናፍቀኛል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

ከሽንት ቤት ስመለስ ፈርሂያ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ፣ ጫማዋን አድርጋ አገኘኋት። ወደ ዶሎ የሚሄድ መኪና የት ይቆማል ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ዝናብ መኪና የለም አልኳት። በእግሬ እሄዳለሁ አለች። ምን ላድርግ? ጉልበት የለኝም፣ ሆዴ ከፊቴ ይቀድማል። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔን ሳትረግጥ የምታልፍበት መንገድ አልነበረም።

መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ተናገረች። ከእሷ በፊት በዚያው አምቡላንስ የተወሰደች ጎረቤቷ አልተመለሰችም። ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ከእንግዲህ አትወልድም ይላሉ። ባሏ በሌለበት ማን ይፈርምላታል? እና ሱምያ። ዞሮ ዞሮ ሱምያ።

"እዚህ ብሞት፣ እናትሽ ሞተች ብሎ ለሱምያ የሚነግራት ማን ነው፣ በማንስ ቋንቋ?" አለችኝ።

ያኔ ነው የቀረውን የነገርኳት። እናቴ ሰላምን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሐኪም ሩቅ ነበር። ከጎናችን ያለው ድንኳን ውስጥ ሀሊማ የምትባል የሞቃዲሾ ሴት ነበረች፤ እሷ ናት እጇን ይዛ ያዋለደቻት። የእናቴ ወተት ደርቆ ሰላም ስትጮህ፣ ሀሊማ የራሷን ልጅ በአንድ ጡት ሰላምን በሌላው ይዛ አሳደገችልን። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነችም። ወገቧን በጨርቅ አስራ ውኃ ትቀዳ ነበር። ምን እንደሚያማት ለወንድ ሐኪም መናገር አፈረች። እኔንም ደበቀችኝ። ሦስት ዓመት እንዲያ ሆና እዚያው ካምፕ ቀበርናት።

"እናቴ ስትወልድ ሐኪም አልነበራትም" አልኳት። "አንቺ አለሽ። ፊርማውም የራስሽ ነው፣ ማንም አይፈርምልሽም። እኔን ደግሞ ሆዴን ቀደው ዳንኤልን አወጡ፣ ይኸው ሌላ አርግዣለሁ።"

ጠባሳዬን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። የተሰፋ ልብስ የምትመረምር ነው የምትመስለው።

"ሱምያስ?" አለች።

ሲስተር ጫልቱ ጋ ሄድኩ። አካም ብዬ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ፊቴን አይታ ተነሣች። ካምፑ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የምታውቀው ልጅ ነበር፤ ደወለችለት። ጎረቤትየዋን ፈልጎ ነገ ያገናኘናል አለ።

ፈርሂያ ሻሿን ፈታች። ጫማዋን ግን አላወለቀችም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

ተገናኙ። ፈርሂያ ስልኩን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ጎረቤትየዋ ብዙ አወራች፣ ከዚያ የሕፃን ትንፋሽ ተሰማ። ፈርሂያ ጠራቻት። ደጋግማ ስትጠራት ሱምያ በመጨረሻ ብስኩት አምጪልኝ አለቻት። ፈርሂያ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ሲስተር ጫልቱ ቃሉ ሳይገባት አብራ አለቀሰች።

ፈርሂያ ለኦፕራሲዮኑ እሺ አለች። ሰኞ ነው የተቀጠረችው። ሐኪሙ ከዚያ በፊት ደም የሚሰጥላት ዘመድ ይፈለግ ብሏል። ደም ከሩቅ ከተማ ነው የሚመጣው፣ መንገዱ ደግሞ ተበላሽቷል። ሲስተር ከተማው ውስጥ ያሉ የሶማሌ ነጋዴዎችን አነጋግራለሁ አለች።

ቦሩ ደወለ። ዳዋ ወንዝ ሞልቷል፣ መሻገሪያ የለም። "አንቺ ብቻ አትውለጂ፣ ያዢው" ይለኛል። ምን እንደሚይዙ ወንድ የሚያውቅ ይመስላል።

ፈርሂያ ጫማዋን አውልቃለች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 13



ረፋድ ላይ ደጅ ላይ ቀሚሷን ስታጥብ "አባዮ" አለችኝ፣ እህቴ ማለት ነው። በጣም ቀስ ብላ። ዞር ስል እግሯ ሥር ያለው ውኃ በደም ቀይ ሆኗል። ሲስተር ጫልቱ ብዬ መጮሄን አስታውሳለሁ። በወንበር ጭነው ሲሮጡ እኔም በቻልኩት ከኋላቸው ሄድኩ።

ሐኪሙ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን እገባለሁ፣ ግን ያለኝ ደም አንድ ከረጢት ነው አለ። ደሟ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ሲስተር ስልኳን ይዛ ለነጋዴዎቹ ትደውላለች፣ አንዱ ገበያ ወጥቷል፣ አንዱ አያነሣም። እኔ እርጉዝ ነኝ፣ የእኔን አይወስዱም። እናም ወጣሁ።

የት እንደምሄድ ያሰብኩት መንገድ ላይ ነው። በብዛት ጤነኛ ወንድ ያለበት ቦታ ነገሌ ውስጥ አንድ ነው፣ ጦር ሰፈሩ። ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፣ ለእኔ ግን ያኔ ኬንያ ድረስ የሄድኩ ያህል ራቀብኝ። ሆዴን ከታች ደግፌ፣ በጭቃው ውስጥ።

በሩ ላይ የቆመው አስር አለቃ ወጣት ነበር፣ ንግግሩ የትግራይ ልጅ መሆኑን ይነግራል። እውነቱን ልጻፍ፤ ፈርቼ ነበር። እኛ ከዚያ በር የሸሸነው ከእነሱ ነው። አባቴ የተዋጋው ከእነሱ ጋር ነው። ይህ ልጅ ያኔ ሕፃን እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩ።

ምን ሆነሽ ነው አለኝ፣ ልወልድ የመጣሁ መስሎት ወንበር ፈለገልኝ። ነገርኩት። ምንሽ ናት አለ። እህቴ ናት አልኩት። ሶማሌ አይደለችም እንዴ፣ ስደተኛ አላልሽም? አለኝ።

"ናት። እኔም ስደተኛ ነበርኩ። የተሰደድኩት ከዚህ ግቢ ነው፣ እዚህ ነው ያደግኩት" አልኩት።

ለምን እንደተሰደድኩ መጠየቅ አላስፈለገውም። ዓይኑን ወደ ግቢው መለሰ። አሁን ያባርረኛል ብዬ አሰብኩ።

"እናቴ እኔን ሱዳን ካምፕ ነው የወለደችኝ" አለ። "ቆይኝ እዚህ።"

ሲመለስ ሦስት ወታደሮች አስከትሎ ነበር። እነሱ የደም ዓይነታቸውን በቃላቸው ያውቁታል። እሱም የዘብ ተራውን ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ። እኔን የግቢው ፒክአፕ ላይ ከፊት አስቀመጡኝ።

ከአራቱ የሁለቱ ተስማማ፤ የአንደኛው የአስር አለቃው ነው። ሲስተር ከደወለችላቸው ነጋዴዎች አንዱም ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆቹን ይዞ ደረሰ። ወታደሮቹና ነጋዴው ኮሪደሩ ላይ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ከሲስተር የተሰጣቸውን ለስላሳ ሲጠጡ አየኋቸው።  ነጋዴው ሲነሡ የሁሉንም እጅ ጨበጠ።

ልጁ ወንድ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ድምፅ አለው። ፈርሂያ አልነቃችም። ሐኪሙ እስከ ነገ ምንም አልልሽም አለኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 14

ነቃች። ከንፈሯ ነጭ ነው፣ ድምፅዋ አይሰማም። ጆሮዬን አስጠግቼ ያዳመጥኩት የመጀመሪያ ቃሏ ውኃ ነው። ሁለተኛው፣ ማህፀኔን አውጥተውታል ወይ? ሐኪሙን ጠየቅኩላት። አላወጣንም፣ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ማረፍ አለባት፣ የሚቀጥለውንም ሐኪም ቤት ነው የምትወልደው አለ። ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። በካምፕ ስለሚሰጠው የወሊድ መከላከያ ራሷ ጠየቀችኝ፤ ባሌ ሳይኖር ምን ያደርግልኛል የምትል መስሎኝ ነበር። "ይመጣል" አለች። "ሲመጣ እኔ ጠንክሬ መቆየት አለብኝ።"

አስር አለቃው ሊጠይቃት መጣ። ስሙ ሐጎስ ነው። ብስኩት በፌስታል ይዞ በር ላይ አፍሮ ቆመ። ብስኩቱን ፈርሂያ ለሱምያ አስቀመጠችው።

ከዚያ እኔን ደጅ ላይ ግቢያችን ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀኝ። ስለ ፊልሙ ነገርኩት፣ ስለ ሳፋው። እሱ ሱዳንን አያስታውስም፤ እናቱ ግን አሁንም ዝናብ ሲመጣ የካምፑን ሴቶች በስም እየጠራች ታነሣለች አለኝ። አሁን የት እንደደረሱ አታውቅም፣ ግን ታነሣቸዋለች።

እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ፈርሂያ ግድግዳ ይዛ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ላብ በላብ ሆነች። እያንዳንዷን እርምጃ በሶማሊኛ እየረገመቻት ነው የምትሄደው፣ የምትላቸውን ስድቦች ሀሊማ ስትላቸው ሰምቼ ስለማውቃቸው እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መሳቅ ደግሞ ለሁለታችንም ክልክል ነው፤ እሷን ስፌቷ ያማታል፣ እኔን ሽንቴ ያመልጠኛል።

ሀሊማ ዛሬ በሕይወት ካለች አርጅታለች። ወደ አገሯ ትመለስ፣ ወደ ሌላ አገር ትሂድ አላውቅም። ስንለያይ እኔና ሰላም ከመኪናው ኋላ ነበርን፣ እሷ ጄሪካን ይዛ ሰልፍ ላይ። ሰልፏን ትታ መምጣት አልቻለችም፤ ውኃው ያልፋታል። ከሩቅ ነው የተሰናበተችን፣ ጄሪካኑን ከፍ አድርጋ።

ለፈርሂያ ሐሙስ ወይም ዓርብ መኪና ይመጣላታል ተብሏል። ልጁ ጡት ይዟል። ስሙን ዩሱፍ ብላዋለች።

ቦሩ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ወንዙ ጎድሎ በሰው ትከሻ ነው የተሻገረው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ዳንኤል ከቦሩ እህት ዘንድ ነው፣ ደህና ነው። እኔን አይቶ "አሁንም አለሽ" ብቻ አለ። ከዚያ ስለ ፈርሂያ ሲስተር በኦሮምኛ ነገረችው። ወደ ጦር ሰፈሩ መሄዴን ሲሰማ ጫማዬን ከአልጋው ሥር አውጥቶ የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ጀመር።

ዛሬ ስለ ካምፑ ነገርኩት። ክፉውን ድሮም ያውቀዋል። የሚናፍቀኝን ነው የነገርኩት። እየፋቀ ሰማኝ። "እና የቤታችን በር ለምን እንደሚዘጋ እኔም አላውቅም፣ ማን ይሰርቀናል" አለ።

ነገ ለኦፕራሲዮን የኔ ተራ ነው። ፈርቻለሁ። ልጁ ሲራገጥ ውሎ አሁን ዝም ብሏል፣ እሱም የሰማ ይመስል። ፈርሂያ ከአልጋዋ ሆና ቁርኣን እየቀራች ነው፣ ለኔ መሆኑን ነግራኛለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18

ትንሽ ብቻ ነው የምጽፈው፣ መቀመጥ ያማል።

ሴት ናት። ትናንት ጠዋት። ደሜ ብዙ አልፈሰሰም፣ የማንም አላስፈለገኝም። ሰላም በስልክ እየጮኸች ነው፣ ነገ እመጣለሁ ብላለች።

ፈርሂያ ረፋድ ላይ ሄደች። መኪናው ቆሞ ሲጠብቃት እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ መነሣት አልቻልኩም። ዩሱፍን ሲስተር ጫልቱ ይዛላት እሷ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። ልጄን አንሥታ አየቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት። ስልክ ያላትን የጎረቤቷን ቁጥር ቦሩ ስልክ ላይ አስገባች። ከዚያ እጄን ይዛ ቆመች። ብዙ የምንለው ነበረን፣ ግን ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

"ወደ እኛ ትመጫለሽ?" አለችኝ።

እመጣለሁ አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። መንገዱን አላውቀውም፣ ሁለት ሕፃናት፣ ዝናቡ፣ ማን ያስገባኛል። ግን ከልቤ ነው።

አልጋዋን ገና አላነጠፉትም። ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

ቦሩ ስም እንምረጥ እያለ ይነተርከኛል። የእናቱን ስም ይፈልጋል፣ የእናቴንም ይጠራል፣ አንዴ ደግሞ ፈርሂያ ብንላትስ አለ። ቆይ አልኩት። መጀመሪያ ትንሽ ልያት።